ከአራዳ ገበያ እስከ ፒያሳ ሱቅ፦ አነስተኛ ንግድን የመማር ታሪክ

«አራዳ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ አማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በከተማይቱ መካከል፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የጥንቱ ገበያ ስም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነቃ ያለ፣ በቀላሉ የማይታለል፣ የከተማን መላ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። የቦታ ስም የዕውቀት ስም ሆኖ መገኘቱ እንዲያው የመጣ አይመስልም። ገበያው በተማሪ ቤት የማይሰጥ አንድ ዓይነት ትምህርት ይሰጥ ነበርና። ይህ ጽሑፍ ያ ትምህርት ምን እንደነበረ፣ በምን መንገድ ይተላለፍ እንደነበረ፣ መደበኛው ትምህርት ቤትስ ከእርሱ ጋር ለምን ሳይገናኝ እንደቆየ ለመመርመር ይሞክራል። ጉዳዩን ዛሬ ለማንሣት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ሥራ አብዛኛው አሮጌው ፒያሳ ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌሎች የከተማይቱ ክፍሎች ሲዛወር፣ ከቤቶቹ ጋር አብሮ የተበተነው ነገር ምን እንደሆነ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ በቂ ውይይት አልተደረገበትም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ አራዳ የከተማይቱ ዋና ገበያ ሆነ። በተለይ ቅዳሜ ቀን እህል፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ቆዳ፣ ጨው፣ ፈረስና በቅሎ ከሩቅም ከቅርብም እየመጣ ይሸጥበት ነበር። ዕቃው ሁሉ በየተራው የተለየ ስለነበረ፣ የአንድን ዕቃ ዋጋ ለማወቅ የፈለገ ሰው በአንድ ተራ ውስጥ ጥቂት ሰዓት መቆሙ ይበቃው ነበር። የገበያው አስተዳዳሪ ነጋድራሱ ነበር። ሹሙ ቀረጥ ከመሰብሰብ አልፎ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ሰምቶ ይፈርድ ስለነበረ፣ የውል፣ የዋስትናና የዕዳ ሕግ በቃል የሚሰማበት ሸንጎ እዚያው ገበያው ዘንድ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ማርትሬዛ ብር፣ አሞሌ ጨውና ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው የምኒልክ ገንዘብ ጎን ለጎን ይዘዋወሩ ነበር። አሞሌ ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ በዝናብም ይጎዳል። ማርትሬዛውን የሚቀበለው ሰው በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ፣ 1780 የሚለውን ዓመት አይቶ ነበር። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠረው ነጋዴ እንኳ ምንዛሪን፣ የማጓጓዣ ወጪንና የብልሽትን ኪሣራ በአንድነት ማስላት ነበረበት። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ በሦስት የተለያዩ ምዕራፎች የምናስተምረው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ዕውቀት የያዘው ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ የተከበረ አልነበረም። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ መሬትና ሹመት እንጂ ንግድና እጅ ሥራ የጨዋ ልጅ መተዳደሪያ ተደርጎ አይታይም ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ የስድብ ስም ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው የችግሩን ጥልቀት ያሳያል። በዚያው ዓመት ሚኒስትሮች ሲሾሙ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የገበያ ሹም ወደ ሚኒስትርነት ማደጉ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያው ጊዜ ገደማ እቴጌ ጣይቱ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በአራዳ አቋቋሙ። ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየበሉ ሒሳብ ከፍለው ልማዱን አስተማሩ እየተባለ ይነገራል። ነገሩ በዝርዝሩ እንደተባለው ሆነም አልሆነ፣ ሻጭ ብቻ ሳይሆን ገዢም መማር እንዳለበት የተረዳ ሰው የተናገረው ታሪክ ነው። ሆቴሉ በ2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ቢደርስበትም ታድሶ ሥራውን ቀጥሏል።

የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በእነዚህ ዓመታት የአራዳን ሱቆች የያዙት በብዛት ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዓረቦች ነበሩ። መሐመድ አሊ የተባለው የሕንዶች ድርጅት በወረራው ዘመን ጣሊያኖች እስካባረሩት ድረስ በአስመጪነትና በላኪነት ከታወቁት አንዱ ነበር። አርመኖች በወርቅ ሥራ፣ በልብስ ስፌትና በጫማ ሥራ፣ ግሪኮች በሆቴልና በግሮሰሪ ይታወቁ ነበር። አገሬው ወጣት ወደ እነዚህ ቤቶች የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በተላላኪነት ነው። ከመጥረግና ከመሸከም ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ ወደ መለካት፣ ወደ መመዘን፣ በመጨረሻም ወደ መሸጥ ይደርሳል። የሒሳቡን መዝገብ ግን ባለቤቱ በራሱ ቋንቋ ስለሚጽፈው ለተላላኪው ዝግ ነበር። ይህ ጸሐፊ እንደሚገምተው፣ በኋላ ራሱን የቻለው የአገር ነጋዴ ሁሉን አውቆ መዝገብ መያዝን ብቻ ሳይለምድ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የነገሩን ሥር ከሁሉ አስቀድመው አይተውታል። እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ጥሬ ዕቃውን እየሰጠ የተሠራ ዕቃ እየተቀበለ ድካሙን ለሌላ እንደሚያስረክብ አስረድተዋል። ጸሐፊው በጀርመን አገር የተማሩ፣ በጉምሩክ ሹመት የሠሩ ስለነበሩ፣ ሐሳባቸው ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አልነበረም።

ትምህርት ቤቱስ በዚህ ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተለይ የውጭ ቋንቋ ዐዋቂ፣ አስተርጓሚና የመንግሥት ሠራተኛ እንዲያፈሩ የተቋቋሙ ነበሩ። መንግሥቱ የሚያስፈልገው እርሱ ስለነበረ ይህ አያስወቅስም። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ነገሩ ይለወጣል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር። ትምህርት ቤቱ የሒሳብ መዝገብ አያያዝንና የጽሕፈት መኪናን አስተምሮ ለባንኮች፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለትላልቅ ድርጅቶች ብቁ ሠራተኞችን አወጣ። ስሙ የንግድ ሥራ ቢሆንም የምሩቁ ምኞት የራሱን ሱቅ መክፈት ሳይሆን የሌላውን መዝገብ በደመወዝ መያዝ ነበር። መዝገብ የሚያውቀው ወጣት አይነግድም፤ የሚነግደው ወጣት መዝገብ አያውቅም። ሁለቱ በፒያሳ መንገድ ላይ በየቀኑ ይተላለፉ ነበር።

የፒያሳ ስም ራሱ የጣሊያን ወረራ ቅርስ ነው። ወራሪው የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወረው፤ አራዳን ለአውሮፓውያን ሱቆችና ቡና ቤቶች ለየው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላም አካባቢው የሱቅ ሠፈር ሆኖ ቀጠለ። ወርቅ ቤቶቹ፣ ሲኒማ ቤቶቹ፣ ኬክ ቤቶቹ፣ በ1945 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የቶሞካ ቡና ቤት ሁሉ የዚያ ዘመን መልክ ናቸው። ከእነዚህ ሱቆች ደጃፍ ላይ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነበር።

ከገጠር፣ በተለይም ከጉራጌ አገር የመጣ ልጅ መጀመሪያ ሊስትሮ ይሆናል። ሣጥኑ፣ ብሩሹና ቀለሙ የመጀመሪያ ካፒታሉ ናቸው። ደንበኛን መለየት፣ ቦታ መምረጥ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚታጣውን ገቢ አስቀድሞ ማሰብ በዚህ ይማራል። ጥቂት ሲያጠራቅም ሱቅ በደረቴ ይሆናል፤ ማስቲካ፣ ክብሪት፣ ሲጋራ፣ መሐረብ በአንገቱ ባንጠለጠለው ሣጥን ይዞ ይዞራል። ከዚያ በዘመድ ሱቅ ውስጥ ይገባል። ዘመዱ ደመወዝ ላይከፍለው ይችላል፤ ሲያድግ ግን ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ፣ ለጅምላ ሻጩ ዋስ ሆኖ ራሱን ያስችለዋል። በዚህ ሁሉ ደረጃ ከፍተኛው ኃጢአት አንድ ነው፤ «ዋናውን በላ» መባል። የቤት ወጪን ከመነገጃው ገንዘብ መለየት በዛሬው ሥልጠና ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ነው። ሱቅ በደረቴው ግን ይህን የሚማረው ራቱን ሳይበላ በማደር ነበር።

ደጃች ውቤ ሠፈርና ዶሮ ማነቂያ የጠጅና የጠላ ቤት ባለቤት የሆኑ ሴቶችም መታወስ አለባቸው። ጌሾና ማር በምን ወር እንደሚረክስ፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ ማወቅ ነበረባቸው። በንግድ ታሪካችን ስማቸው አይነሣም፤ ስለ መዝናኛ ሲወራ ብቻ ይነሣል። ይህ ጉድለት የታሪክ ጸሐፊዎች እንጂ የእነርሱ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ነጋዴውን ያስተማረው ዕቁብ ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 50 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ 1,000 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው 50 ብር ብቻ ጥሎ 1,000 ብር ስለያዘ፣ 950 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ19 ሳምንት ይከፍላል ማለት ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚደርሰው ደግሞ ባለ ቁጠባ ነው፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ግን የሚቀበለው 1,000 ብር ዕቁቡ ሲጀመር የነበረውን ያህል አይገዛም። አስቸኳይ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው የሌላውን ዕጣ ጥቂት ጨምሮ ሲገዛ፣ ያቺ ጭማሪ በስም ካልሆነ በቀር ወለድ ናት። ዕጣ የወጣለት ዋስ ሳያቀርብ አይቀበልም፤ ዳኛውና ጸሐፊው ቀሪ የሆነውን ይቀጣሉ። ብድር፣ ቁጠባ፣ ወለድ፣ ዋስትናና ዲሲፕሊን በአንድ የእሑድ ስብሰባ ይማሩበታል። ባንክ መያዣ የጠየቀውን ሰው ዕቁብ የጠየቀው መታወቅን ብቻ ነው። መታወቅ ደግሞ ከሠፈር ጋር የተሣሠረ ነው፤ ሠፈር ሲነሣ ዋሱም አብሮ ይርቃል።

በዚህ ላይ ይህ ጸሐፊ የራሱን ስሕተት መናገር ይወዳል። ከዓመታት በፊት በአካባቢው በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ሱቅ በደረቴ የሚሠራ አንድ ተማሪ ነበረው። የፈተናው ጥያቄ፣ አሥር ማስቲካ በ80 ሳንቲም ገዝቶ አንዱን በ10 ሳንቲም የሚሸጥ ሰው ትርፉ ከመቶ ስንት ነው የሚል ነበር። ሃያ በሰማንያ ሲካፈል 25 ከመቶ ነው። ልጁ ግን «ስምንቱ እስኪሸጡ ምንም፤ ከዚያ ሁለቱ» ብሎ ጻፈ። ስሕተት ተብሎ ተሰረዘበት። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ጋሼ፣ ሁለቱ ሳይሸጡ ከመሸ ምኑ ነው የሚካፈለው?» አለ። የዋና መመለሻ ነጥብ የሚባለውን ነገር፣ ስሙን ሳያውቅ በትክክል ተናግሯል። መምህሩ ስሙን ያውቅ ነበር፤ ሲያየው ግን አልለየውም።

መንግሥታት አነስተኛውን ነጋዴ በየዘመናቸው በተለያየ ዓይን አይተውታል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝና እንዲመዘገብ ደነገገ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የግል ንግድ አዋጅ የችርቻሮን ካፒታል በ200,000፣ የጅምላን በ300,000 ብር ወስኖ፣ ለአንድ ሰው ከአንድ የንግድ ሥራ በላይ ከለከለ። በ1969 ዓ.ም. የእደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ስትራቴጂ ወጥቶ ሥልጠና የፖሊሲው አካል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተዘጋጁት የሥልጠና ጽሑፎች ብዙዎቹ ከውጭ የተቀዱ ናቸው። የንግድ ዕቅድ አዘገጃጀትን ጥሩ አድርገው ያሳያሉ፤ ስለ ዱቤና ስለ ዕቁብ ግን ዝም ይላሉ። አሠልጣኙም እንደዚህ ጸሐፊ ሸጦ የማያውቅ ደመወዝተኛ ነው።

የአራዳው ትምህርት እንከን የለሽ ነበር ማለት አይደለም። በዘመድና በአገር ልጅነት ስለሚተላለፍ ዘመድ የሌለውን ያስቀራል። ሕፃናትን ከክፍል አስወጥቶ ያደክማል። መዝገብ ስለማያስለምድ ብዙ ሱቆች ከባለቤታቸው ዕድሜ አላለፉም። የትምህርት ቤቱ ድርሻ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ያም በብዙ በጀት የሚሠራ አይደለም። በየአዲሱ ሠፈር ያሉ መምህራን ከፒያሳ የተዛወሩትን ነጋዴዎችና የዕቁብ ዳኞች ዛሬ በሕይወት ሳሉ ወደ ክፍል ሊጋብዟቸው፣ ተማሪዎችም የአንድ ወር የዱቤ ደብተራቸውን አብረው ወደ ገቢና ወጪ መዝገብ ሊገለብጡት ይቻላል። በሒሳብ መጽሐፋችንም ቢያንስ አንድ ጥያቄ ሊለወጥ ይገባል፤ ለአንባቢዎች ሙከራ እንዲሆን እንዲህ ቀርቧል፦

አንድ ልጅ አሥር ማስቲካ በ80 ሳንቲም ገዛ። ሰባቱን እያንዳንዱን በ10 ሳንቲም በእጅ በእጅ ሸጠ፤ ሁለቱን በዱቤ ሰጠ፤ አንዱን ታናሽ እኅቱ በላችበት። በዚያ ምሽት ዋናው ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም? ነገ ስንት ማስቲካ መግዛት ይችላል?