ብልሁ ማን ይሁን፦ መንገዱ ወይስ መኪናው?

አሽከርካሪ አልባ መኪና ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ጎግልን ወይም ቴስላን ነው። ሐሳቡ ግን ከሁለቱም በብዙ ይቀድማል። ለ60 ዓመታት ያህል አሜሪካውያን ብልህ ይሆናል ብለው የጠበቁት መኪናውን ሳይሆን መንገዱን ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1939 በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ጄኔራል ሞተርስ «ፉቱራማ» የተባለ ትዕይንት አቀረበ። ንድፍ አውጪው ኖርማን ቤል ጌዲስ የ1960ዋን አሜሪካ በሞዴል ሠርቶ፣ በሬዲዮ እየተመሩ ርቀታቸውን የሚጠብቁ መኪኖች የሚፈስሱባቸውን አውራ ጎዳናዎች ለሕዝብ አሳየ።

በ1957 አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ከነብራስካ ግዛት ጋር ሆኖ፣ ከሊንከን ከተማ ወጣ ብሎ 120 ሜትር ያህል መንገድ ሥር የኤሌክትሪክ መስመር ቀብሮ ሙከራ አደረገ።

ትልቁ ሙከራ የመጣው በ1997 ነው። ኮንግረስ በ1991 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ሳንዲያጎ አጠገብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ አውራ ጎዳና ላይ ከ90 ሺህ በላይ ማግኔቶች ተቀበሩ። 8 ቢዊክ መኪኖች በመካከላቸው 6.5 ሜትር ብቻ ትተው፣ መሪ የሚይዝ ሰው ሳያስፈልጋቸው ተከታትለው ሄዱ። ቴክኖሎጂው ሠራ። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ብዙም ሳይቆይ ገንዘቡን አቆመ።

ለምን? ማግኔት የተቀበረበት መንገድ በሌለበት፣ ማግኔት የሚያነብ መኪና ማን ይገዛል? መኪናው በሌለበትስ የትኛው መንግሥት አስፋልት ይቆፍራል? አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዘመኑ አለፈ።

ከዚያ ሐሳቡ ተገለበጠ። የፔንታጎኑ ዳርፓ በ2004 በሞሃቪ በረሃ ባዘጋጀው ውድድር የተሻለ የተባለው መኪና 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። በ2005 ግን 5 መኪኖች እስከ መጨረሻው ደረሱ፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድንም 2 ሚሊዮን ዶላሩን ወሰደ። ጎግል በ2009 ሥራውን የጀመረው ከዚሁ ውድድር የወጡ ባለሙያዎችን ይዞ ነው። ወጪው ከመንግሥት ካዝና ወደ ኩባንያ ኪስ ዞረ፤ የመወሰን ሥልጣኑም አብሮ ዞረ።

መንገዱ ተረሳ። በ1999 መኪናና መንገድ እንዲነጋገሩበት ከተመደበው 75 ሜጋኸርዝ ሞገድ 45ቱ በ2020 ለዋይፋይ ተሰጠ።

ይሁን እንጂ በዲሴምበር 2025 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ የትራፊክ መብራቶች ሲጠፉ፣ የዌይሞ መኪኖች መሐል መንገድ ላይ ቆሙ፤ ኩባንያውም አገልግሎቱን ለጊዜው አቋረጠ። ያ ሁሉ ካሜራና ሌዘር አሁንም የመንገዱ ጥገኛ ነበር። ቻይና በበኩሏ መኪናን ከመንገድ ጋር ለማገናኘት በ2024 20 የሙከራ ከተሞችን መርጣለች።

ስለዚህ ጥያቄው የቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም፤ የባለቤትነትም ነው። ብልሃቱ መኪናው ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ የሚጠቀመው የከፈለ ነው። መንገዱ ላይ ከዋለ ግን አሮጌ ታክሲ የሚነዳውም ዜብራ የሚሻገረው እግረኛም ይደርሰዋል። እርግጥ ሁሉን የሚያይ መንገድ የዜጋውንም እንቅስቃሴ ያያል፤ ለዚህ ሕግ ያስፈልጋል። ሕጉን ማውጣት የሚቻለው ግን መንገዱ የሕዝብ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው።