የአካባቢያችን ስሞች ከየት መጡ? እንዴትስ ተለወጡ?

አባቶች «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። አባባሉ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለቦታም ይሠራል። በዚህ የምሥረታ በዓል እትማችን የአካባቢያችንን ስሞች አመጣጥና ለውጥ በአጭሩ እንዳስሳለን።

በጉራጌ ምድር አብዛኛዎቹ የወረዳ ስሞች መነሻቸው ሕዝቡ ነው። ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመር፣ እነሞርና እንደጋኝ አስቀድመው የሰባት ቤት ጉራጌ ቤቶች መጠሪያ ነበሩ። የመንግሥት መዋቅር ሲዘረጋም የወረዳ ስም ሆኑ። መስቃን፣ ማረቆና ቀቤናም እንዲሁ የሕዝብ ስሞች ናቸው። በጅማ መንገድ ላይ የምትገኘው የወልቂጤ ስም ደግሞ በኦሮምኛ «እኩል» የሚል ትርጉም ካለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። ጉራጌው፣ ቀቤናውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ለሚገናኙባት ከተማ የሚያምር ስም ነው።

ስሞች የሚለወጡበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በመከፋፈል ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ «መስቃንና ማረቆ» ተብሎ በአንድ የተመዘገበው ወረዳ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሁለት ሆኖ ቀርቧል። ሌላው ስሙን ይቀይራል፤ የዛሬው አበሽጌ ቀድሞ ጎሮ ይባል ነበር። በሕዝብ ድምፅ የመጣም አለ፤ ስልጤ በ1993 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ማንነቱን አስከብሮ በራሱ ስም ዞን ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች።

የቀድሞው ስም ሁልጊዜ ጠፍቶ አይቀርም። ጎረቤታችን ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ የሚጠራው በዚያው ጥንታዊ ስም ነው።

ይህ ጉዳይ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ከታሪክነት ያለፈ ፋይዳ አለው። በሕጉ መሠረት የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስምና አድራሻ ይይዛል። ወረዳ ሲከፈል ወይም ስሙ ሲቀየር ማኅተሙ፣ ደረሰኙና የውል ሰነዱ አብረው ካልተስተካከሉ አባሉ ይጉላላል። አሮጌው ሰነድም ሊጣል አይገባም፤ የዛሬውን መብት ከትናንቱ ስም ጋር የሚያገናኘው እሱ ነውና።

ስለዚህ የመሠረታዊ ማኅበራት ጸሐፊዎች የቀበሌያቸውን፣ የወንዛቸውንና የገበያቸውን ስም ምክንያት ከአረጋውያን ጠይቀው በቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩ እናሳስባለን። የወረዳ ባለሥልጣናትም ስም ከመለወጡ በፊት ነዋሪውን ቢያማክሩ መልካም ነው። አዲስ ስም በአንድ ቀን ስብሰባ ይወጣል፤ የአረጋውያን ትውስታ ግን ሳይጻፍ ካለፈ አይመለስም።