ሸክላ ሳይታተምለት የቀረ ባንድ



በሐረር ጁገል ግንብ ዙሪያ ባለው አገር የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ አፍረን ቀሎ በሚል ስም ይታወቃል። ትርጕሙም አራቱ ቀሎ ማለት ሲሆን፥ እነርሱም አላ፥ ኦቦራ፥ ባቢሌና ዳጋ ናቸው። ዛሬ የምንተርክላችሁ ግን ይህንኑ ስም ይዞ ስለ ተነሣ አንድ የወጣቶች የሙዚቃ ባንድ ነው።

ባንዱ የተቋቋመው በድሬዳዋ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። የባቡሩ ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ በ1902 ከቆላው ላይ ቢቆም፥ በዚያው ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ከዚያ ወዲህ ለሐረር የባሕር በር ሆነችላት፤ በዚህም በር ቡናው ይወጣ፥ የባሕር ማዶ ዕቃና ዜማ ይገባ ነበር።

በዚያን ዘመን ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። ተጫዋቹ የመንግሥት ደመወዝተኛ፥ መሣሪያውም የመንግሥት ንብረት ነበረ። የአፍረን ቀሎ ልጆች ግን አለቃም ደመወዝም አልነበራቸውም። መድረካቸው የሠርግ ቤትና የበዓል አደባባይ ነበረ፤ በገዛ ቋንቋው በኦሮምኛ ስለ ዘፈኑለትም ሕዝቡ ወደዳቸው። ከመካከላቸው ዓሊ መሐመድ ሙሳ የተባለ ብላቴና ነበረ። መጀመሪያ ከተጫወተው ዘፈን ቃል ተወስዶ ዓሊ ቢራ ተባለ፤ ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ ሲያልፍ የሚመጣው ብራ ወራት ነው።

ሕዝቡ የወደደውን ግን መንግሥት አልወደደውም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ባንዱ ታገደ፤ ጓደኛሞቹም ተበተኑ።

አንባቢ ሆይ፥ የተበተነ ባንድ ሸክላ ቢኖረው ሸክላው ይናገርለት ነበር። ለዚህ ባንድ ግን ይህ መንገድ አስቀድሞ የተዘጋ ነበረ። በ1948 በወጣ ደንብ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበርና። ይህንን አጥር የደፈረው ዐምሃ እሸቴ የተባለው የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ እርሱም በ1969 በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የአፍረን ቀሎ ባንድ ያን ጊዜ ከታገደ ዓመታት አልፈውት ነበር።

ዓሊ ቢራ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ክቡር ዘበኛ ገባ፤ ከጥላሁን ገሠሠና ከማሕሙድ አሕመድ ጋርም በአንድ መድረክ ቆመ። ወጣቱን ያገደው መንግሥት መልሶ በራሱ ኦርኬስትራ ማሠለፉ የሚያስደንቅ ነው። በ1971 የመጀመሪያ ሸክላውን አሳተመ፤ ይህም በኦሮምኛ ከታተሙት ሁሉ ቀዳሚው ሆኖ ይቈጠራል። ከዚያም ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተጫወተ፤ ዑዱን ይዞም ወደ አሜሪካና ወደ አውሮጳ ተሻገረ። ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፥ በአማርኛ፥ በሱማሊኛና በዐረብኛ ዘፈነ፤ ይህም በአንድ የሐረር የገበያ ቀን የሚሰማው ልሳን ሁሉ በአንድ ጕሮሮ እንደ መገኘት ያለ ነው። በ2013 በፈረንሳይ አገር የሚታተመው ኢትዮጲክስ የተባለው ተከታታይ 28ኛ ክፍሉን ለእርሱ ሰጠ። በ2022 በአዳማ ዐረፈ፤ በትውልድ አገሩ በድሬዳዋም ተቀበረ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ከባንዱ አንዱ እስከ ባሕር ማዶ ሲሰማ፥ የብዙዎቹ ድምፅ በሠርገኞቹ ጆሮ ቀረ፤ ሠርገኞቹም እያረጁ ይሄዳሉ። እገዳ ባንድን ይበትናል፤ ፈጽሞ የሚያጠፋው ግን የሚያስታውሰው ሰው ሲታጣ ነው። ስለዚህ በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ፥ በቤታችሁ ያን ዘመን የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቢኖር፥ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጡ። ዘፈኑን አዘፍኑአቸው፤ ድምፃቸውንም ቅረጹ። ነገ ሌላ ቀን ነው አትበሉ።