ከድባቴ መዳንና ወደ ሥራ መመለስ

ድባቴ በወጉ ከታከመ ታካሚው ወደ ሥራው ይመለሳል የሚለው ግምት ከሐኪምም ከአሠሪም አፍ አይጠፋም። ጉዳዩን የመረመሩ ጥናቶች ግን ይህን ግምት በከፊል ብቻ ነው የሚደግፉት። ሕክምናው ስሜትን፣ እንቅልፍንና ተስፋን መልሶ ሰውየውን ከቢሮው ደጃፍ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከደጃፉ አልፎ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በሌላ ነገር የሚወሰን ነው።

ልዩነቱን አጉልቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። በድባቴ፣ በጭንቀትና በመሰል ሕመሞች ምክንያት የሕመም ፈቃድ ላይ የነበሩ 168 ሠራተኞች ተካፍለውበታል። አንደኛው ቡድን የተለመደውን የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ተከታተለ። በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ደግሞ ቴራፒስቱ ከመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች አንሥቶ የሥራውን ጉዳይ እያነሣ፣ ታካሚው ደረጃ በደረጃ የሚመለስበትን ዕቅድ አብሮት አወጣ። የሕመሙ ምልክቶች በሁለቱም ቡድኖች እኩል ቀነሱ። ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራ በመመለስ ግን ሁለተኛው ቡድን በ65 ቀናት ቀደመ። ታካሚዎቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ቢሆንም ሕመሙ እኩል እየቀለለ የመመለሻው ቀን ሁለት ወር ያህል ከተራራቀ፣ መዳንና ሥራ መጀመር በአንድ መንገድ የሚሄዱ አለመሆናቸውን መቀበል ግድ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም ግምገማ 45 ጥናቶችንና ከ12,000 በላይ ተሳታፊዎችን አሰባስቦ ወደዚሁ መደምደሚያ ይጠጋል። ክሊኒካዊ ሕክምናና በሥራው ላይ ያነጣጠረ ድጋፍ ሲጣመሩ፣ ከሥራ የሚቀሩት ቀናት በአንድ ሰው በዓመት 25 ያህል ይቀንሳሉ። የሥነ ልቦና ሕክምና ብቻውንም ቢሆን መጠነኛ ጥቅም አለው። የሥራ ቦታ ድጋፍ ያለ ሕክምና ሲሰጥ ግን ከተለመደው አሠራር የተሻለ ውጤት ማምጣቱ አልታየም። በፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ላይ የተሠሩት ሙከራዎች በአብዛኛው አንዱን መድኃኒት ከሌላው ጋር የሚያነጻጽሩ በመሆናቸው፣ መድኃኒት መውሰድ ራሱ ከሥራ መቅረትን ምን ያህል እንደሚቀንስ ከእነሱ ማንበብ ያስቸግራል። ጥምሩ አካሄድም ቢሆን ወሰን አለው፦ ዓመት ሞልቶ ሲታይ፣ ድጋፉን ያገኙት ሰዎች በሥራ ላይ በመገኘት ከሌሎቹ አይበልጡም። መመለሱን ያፋጥናል እንጂ የሚመለሱትን ሰዎች ቁጥር አያበዛም ማለት ነው።

ሕመሙ እየቀለለ መመለሱ የሚዘገየው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ከሕመሙ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ሐዘኑና የተስፋ ቢስነት ስሜቱ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ትኩረት፣ ትውስታና የመወሰን ችሎታ ዘግይተው ነው የሚመለሱት፤ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም መምህር ደግሞ የሚኖረው በእነዚሁ ነው። ሌላው ምክንያት ከሥራው ራሱ ይመጣል። ሰውየውን ያደከመው የሥራ ጫና ወይም ከአለቃው ጋር ያለው ጠብ እንደነበረ ከጠበቀው፣ ክኒን ያንን አይፈታለትም። ፈቃዱ በረዘመ መጠንም መመለሱ ራሱ የሚፈራ ነገር ይሆናል።

ከጥናቶቹ ብዙዎቹ ከኔዘርላንድስ መምጣታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር አሠሪው ለታመመ ሠራተኛ ቢያንስ የደመወዙን 70 በመቶ እስከ ሁለት ዓመት እንዲከፍል ሕግ ያስገድደዋል፤ ሁለቱም የመመለሻ ዕቅድ አብረው ማውጣት አለባቸው። እዚያ እያንዳንዱ የሕመም ፈቃድ ቀን ይመዘገባል፣ አሠሪውንም ገንዘብ ያስወጣዋል። ስለዚህ የቀሩ ቀናት ሲቆጠሩ ሕመሙና የክፍያው ሕግ ተደባልቀው ነው የሚቆጠሩት። ፈቃድ ያለ ክፍያ በሆነበት አገር ሠራተኛው እየታመመም ቢሆን ሥራ ይገባል፤ መዝገቡም ጤነኛ ያስመስለዋል።

ደመወዝተኛ ወዳልበዛበት ኅብረተሰብ ስንሻገር መለኪያውም ይለወጣል። በሕንድ ጎዋ፣ ከባድ ድባቴ ያለባቸው 495 ሰዎች በተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ሙከራ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ አማካሪዎች ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ሰጡ። ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች መሥራት ያቃታቸው ቀናት ካላገኙት በወር በሁለት ቀን ያህል አነሱ። እዚህ የተጠየቀው የፈቃድ ወረቀት አልነበረም፤ መሥራት ያቃተህ ስንት ቀን ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ዘግይቶ የመጣው ክትትል ግን ያስቆዝማል። በዚህና በሌላ ተመሳሳይ ሙከራ የተካፈሉት ሰዎች ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ታክመው የነበሩት በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው አሁንም በ11 የመቶኛ ነጥብ ያነሰ ነበር። በሥራ መያዝና በፍጆታ ረገድ ግን ለውጥ አልታየም። አጥኚዎቹ፣ ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ፣ ሥራ እንዳይዙ የሚያግዱ ሌሎች ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ ይላሉ። የአእምሮ ሕክምና በሥራ ፖሊሲ ስም ሲሸጥ የምጠራጠረው ለዚህ ነው። ሕክምናው ሕመምን ለማዳን ብቻ ቢሰጥ እንኳ ዋጋውን ያወጣል፤ ለሥራ አጥነት መፍትሔ ነው ማለት ግን የማይችለውን ማሸከም ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ይህን ከሕክምናው ጊዜ ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጠው። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ መድኃኒት ውጤቱ በደንብ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በሽታው እስኪለይና መጠኑ እስኪስተካከል የሚያልፈው ጊዜ ሲታከልበት፣ ታካሚው ገና መሻሻል ሲጀምር ደመወዙ በግማሽ ይቆረጣል። በዚያ ሰዓት የሚጨመረው የገንዘብ ጭንቀት ለሕመሙ ማገዶ ነው። ስለ ፈቃዱ የሚደነግጉት አንቀጽ 85 እና 86 ደግሞ ስለ ፈቃድና ስለ ክፍያ እንጂ በከፊል ቀን ወይም በቀለለ ሥራ ስለ መመለስ የሚሉት ነገር የለም። የኔዘርላንድሱ ጥናት ውጤት የተገኘው ደግሞ በትክክል ከዚያ፣ ደረጃ በደረጃ ከመመለስ ነበር።

አዋጁ እስኪሻሻል ሳይጠበቅ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። ለአሠሪ የሚቀርበው የሐኪም ማስረጃ በአብዛኛው የዕረፍት ቀናት ቁጥርና ማኅተም ነው። ሠራተኛው ከፈቀደ ሐኪሙ የሕመሙን ስም ሳይጠቅስ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሌሊት ፈረቃ እንዳይመደብ፣ በግማሽ ቀን እንዲጀምር፣ ከዚያ ሰዓቱ እንዲጨምር ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አሠሪው የመቀበል ግዴታ ባይኖርበትም፣ ከሠራተኛው ጋር የሚነጋገርበት ሐሳብ በእጁ ይኖረዋል። ከአዋጁ ውጭ ለሆነው ገበሬና ጉሊት ቸርቻሪ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የሚጻፍለት አሠሪ የለም፤ የጎዋው ዓይነት አጭር ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ መሞከር ያለበት በቅድሚያ ለእነሱ ነው።