ጥምድ ስፌት

የሃምሳ ኪሎ ዱቄት ጆንያ የከፈተ ሰው ይህን ያውቃል። የጆንያው አፍ የተሰፋበትን ወፍራም ክር ትክክለኛ ጫፍ አግኝቶ ሳብ ካደረገው፣ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር ጠርጠር እያለ ይፈታል። መቀስ አያስፈልግም። ለጆንያ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የተሰፋው ሊከፈት ነውና። ይኸው ስፌት የልጅ ሱሪ መቀመጫ ላይ ቢገኝስ?

እኔ መጋረጃ ላይ አገኘሁት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ስቴፕለር የመሰለ ርካሽ የስፌት መሣሪያ ገዛሁ። ሻጩ ጨርቅ አስገብቶ ቸክ ቸክ ሲያደርገው ከፊት በኩል ቀጥ ያለ ቆንጆ መስመር አየሁና ከፈልኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ የሳሎኑን መጋረጃ ግርጌ በሙሉ ቀመቀምኩበት። ሰኞ ዕለት የቤታችን ትንሽ ልጅ ከታች የተንጠለጠለች ክር አይታ ሳበቻት፤ የሦስት ሜትር ቅምቅማት እዚያው ዓይኔ እያየ ተተረተረ። መሣሪያው ጤነኛ ነበር፤ የሚሰፋው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ከመክፈሌ በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ የምጠይቅበት ቃል አልነበረኝም።

ቃሉ በእንግሊዝኛ «ሎክስቲች» ይባላል። በአማርኛ «ጥምድ ስፌት» እንበለው እላለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

«ሎክ» መቆለፍ ስለሆነ «ቁልፍ ስፌት» ማለት ይቀናን ይሆናል። ነገር ግን ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ «ቁልፍ ስፌት» ያለ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣ ነው የሚመስለው። በእኛ ቋንቋ የበሩም የሸሚዙም ቁልፍ ስማቸው አንድ ስለሆነ ቃሉ ገና ሲነገር ያሳስታል። «ጥልፍልፍ» ብንለው ደግሞ የተወሳሰበ፣ የተዘበራረቀ ነገር ያስመስለዋል፤ ከጥልፍ ሥራ ጋርም ይምታታል። ሥራውን ልብ ብለን ካየነው ግን አንዱ ከላይ አንዱ ከታች የሚመጡ ሁለት ክሮች ናቸው፤ ጨርቁ መሃል ላይ ተያይዘው፣ እኩል እየተሳሳቡ አንድ መስመር ይሄዳሉ። ሁለት ሆኖ በአንድ ቀንበር መሥራትን አማርኛ «መጠመድ» ይለዋል። ገበሬው በሬዎቹን ይጠምዳል፤ ሁለቱን በሬ አንድ ጥማድ ይላቸዋል። ጥምድ ስፌት ያልኩትም ከዚህ ተነሥቼ ነው። በአንድ ክር ብቻ የሚሰፋውን፣ የጆንያውን ዓይነት ደግሞ «ሰንሰለት ስፌት» እንለዋለን፤ ከጀርባው ሲታይ በእርግጥም ሰንሰለት ይመስላል።

ሁለቱ ክሮች እንዴት እንደሚጠመዱ በዓይን ማየት ይቻላል። የስፌት መኪናን ጎማ በእጅ ቀስ እያደረጉ ወደ ራስዎ ያዙሩ። የእጅ መርፌ ቀዳዳው ጭራው ላይ ነው፤ የመኪና መርፌ ቀዳዳው ግን ሹሉ ጫፍ አጠገብ ነው። መርፌው ክሩን ይዞ ጨርቁን በስቶ ይወርዳል። ታች ደርሶ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ክሩ ጨርቁ ስለያዘው አብሮት መውጣት ያቅተውና ከመርፌው ጀርባ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ሹል አፍንጫ ያለው መንጠቆ ይደርስና ቀለበቷን ይዞ በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፋታል። ቦቢን የታችኛው ክር የተጠቀለለበት ትንሽ መዘውር ነው። ከዚያ ከመርፌው በላይ ከፍ ዝቅ የሚለው ክንድ ትርፉን ክር ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሁለቱም ክሮች ጨርቁ ሆድ ውስጥ ተያይዘው ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል።

በሰንሰለት ስፌት ታች የሚጠብቅ ሁለተኛ ክር የለም። አንዱን ቀለበት የሚይዘው ቀጥሎት የሚመጣው ቀለበት ብቻ ነው። የመጨረሻው ሲለቀቅ የቀደመው ይከተላል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጀመሪያው ይደርሳል። ጥምድ ስፌት ግን መሃሉ ላይ ቢበጠስ እንኳ ግራና ቀኙ በሌላው ክር ተይዞ ይቆያል። ጫፎቹ ብቻ ስለሚላሉ ስንጀምርና ስንጨርስ ሦስት አራት ስፌት ወደ ኋላ ተመልሰን እናጠብቃቸዋለን። ጉድለትም አለው፤ እንደ ቲሸርት ያለ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለው ጥምድ ስፌት አብሮ ስለማይለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ለዚያ ዚግዛግ ያስፈልጋል፤ ዚግዛግም ቢሆን ሁለት ክር የተጠመደበት ስፌት ነው።

ሁለቱም ስፌቶች ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞኒየ እ.ኤ.አ. በ1830 ፓተንት ያወጣበት መኪና በሰንሰለት ስፌት ነበር የሚሰፋው። አሜሪካዊው ዋልተር ሃንት በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ክር የሚያጣምድ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ፓተንት ግን ሳያወጣበት ቀረ። ኤልያስ ሃው በ1846 የጥምድ ስፌት መኪና ፓተንት አገኘ፤ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 የራሱን አስመዘገበ። የሲንገር ኩባንያ ከ1856 ጀምሮ መኪናውን በየጊዜው እየተከፈለ በሚያልቅ ዱቤ መሸጥ በመጀመሩ፣ በአንድ ጊዜ ከፍለው መግዛት የማይችሉ ቤተሰቦች ሁሉ እጃቸው ሊያስገቡት ቻሉ። ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ያለፈው ያ ነገር የእኛንም አፍ ነክቷል፤ የስፌት መኪናን «ሲንጀር» የሚሉ እናቶች አሁንም አሉ። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጎዳና ላይ የሚሄደውንም ቤት ተቀምጦ የሚሰፋውንም በአንድ ስም ጠርቶ ኖሯል።

እንግዲህ ትንሽ ገንዘብ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥምድ ነው ወይስ ሰንሰለት?» ብሎ ነው። ሻጩ ቃሉን ካላወቀው «የታችኛው ክር የት ነው የሚገባው?» ይበሉት። ቦታው ከሌለ መኪናው ሰንሰለት ሰፊ ነው፤ ለቤት ልብስ አይሆንም። ሁለተኛው መለያ የጨርቁ ጀርባ ነው። ጥምድ ስፌት ከፊትም ከኋላም ሲታይ አንድ ነው። ሰንሰለት ስፌት ከፊት ቀጥ ያለ ሆኖ ከጀርባ የቀለበት ሐረግ ይመስላል፤ እኔን ያሳተኝም ፊቱን ብቻ ማየቴ ነው። ሥራዬ ብሎ የመኪና ወረቀት የሚያነብ ሰው ቁጥሮችም ያገኛል፤ በዓለም አቀፉ የስፌት ዓይነቶች አመዳደብ ቀጥ ያለው ጥምድ ስፌት 301፣ ባለ አንድ ክሩ ሰንሰለት ስፌት 101 ነው።

ቦቢን መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። በሬዎች እኩል ካልሳቡ ትልሙ ይጣመማል፤ ክርም እንደዚያው ነው። የላይኛው ክር ቀይ፣ የታችኛው ነጭ ይሁን። ሁለት ዕጥፍ አቡጀዲ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይስፉና ሁለቱንም ፊት ይዩ። ከላይ የነጭ ነጠብጣብ ከታየ የላይኛው ክር ከመጠን በላይ ተወጥሯል። ከታች ቀይ ከታየ ላይኛው ላልቷል። ከላይ ቀይ ብቻ፣ ከታች ነጭ ብቻ ከሆነ ጥምዱ ልክ ነው። የላይኛውን ክር መወጠሪያ አንድ ሁለት ቁጥር አዙረው ስፌቱ የሚስተካከል ከሆነ መኪናው ደኅና ነው፤ ምንም ቢያዞሩት ለውጥ ከሌለው ይተዉት። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ከጨርቁ ሥር እንደ ወፍ ጎጆ የተጠቀጠቀ ክር ካዩ መኪናውን ለመኮነን አይቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከክር አገባቡ ነው። ጨርቅ የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ከተሰካ፣ የውጥረት ሳህኖቹ ተገጥመው ስለሚቆዩ ክሩ በመካከላቸው አይገባም። እግሩን ከፍ አድርገው እንደገና ይስኩት።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ የፕላስቲክ መኪኖች ቦቢን ያላቸው ከሆኑ ጥምድ ስፌት ይሰፋሉ። ሞተራቸው ግን ደካማ ነው፤ ትራስ ልብስ ያዘልቃሉ፣ የጂንስ ሱሪ መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ በዚያው ገንዘብ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚያውቅ፣ አካሉ ብረት የሆነ፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ መኪና ከተገኘ እሱን ይግዙ። መብራት ሲጠፋም ይሰፋል። ገንዘቡ ለአዲስ የሚበቃ ከሆነ ቀጥ ያለ፣ ዚግዛግና ወደ ኋላ የሚሰፋ ቀላል መኪና ለቤት ሥራ ሁሉ ይበቃል። ስልሳና ሰባ ዓይነት የአበባ ስፌት ስላለው ተጨማሪ መክፈል አይገባም። መርፌውና ቦቢኑ በሰፈር ሱቅ የሚገኙ ዓይነት መሆናቸውን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለአቡጀዲና ለፖፕሊን 80 ወይም 90፣ ለጂንስ 100 ቁጥር መርፌ ይዞ መጀመር ጥሩ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ መኪና ሊልክልዎ ካሰበ ከመላኩ በፊት ያነጋግሩት። እዚያ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር የተሰካ ዕለት ይቃጠላል።

ለመግዛት ሲወጡ ሁለት ቁራጭ አቡጀዲ፣ አንድ ቀይ ክርና አንድ ነጭ ክር ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ። ሻጩ ራሱ ሰፍቶ ያሳየዎትን ጨርቅ አይቀበሉ፤ ቁጭ ብለው በራስዎ ክር ይስፉ፣ ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፣ የክሩን ጫፍ ሳብ አድርገው ይሞክሩ። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ መከራከር።