የጠላ ቤቷ ጣሳና የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ

ፍኖተ ሰላም ስሟን ያጸናችው በሰሌዳ አይደለም። የቀድሞዋ ውጅግራ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «የሰላም መንገድ» የሚል የግዕዝ ስም በወጣላት ጊዜ፣ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበርና ስሙን ያደላደለው ከቀለሙ ይልቅ የሕዝቡ አንደበት ነው።

የጎጃም መንገደኛ ለረጅም ዘመን የጽሑፍ ምልክት አላሻውም። ዋርካው፣ የደብሩ ጉልላት፣ የወንዙ መሻገሪያና የገበያው ቀን ይመሩት ነበር። ዐዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። ከምልክቶች ሁሉ እውነተኛዋ ግን የጠላ ቤቷ ናት፤ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች አንዲት ጣሳ። ጠላው ሲደርስ ትሰቀላለች፤ ጋኑ ሲነጥፍ ትወርዳለች። ወጪዋ ከምንም አይቆጠርም። ጋኑ ባዶ ሆኖ ጣሳዋን ሳታወርድ የቀረች ባለጠላ ግን ጥም ያቃጠለው መንገደኛ በሯን ባንኳኳ ቁጥር ማፈሯ አይቀርም።

የብረትና የሲሚንቶ ምልክት የመጣው ከመኪና መንገድ ጋር ነው። ፋሽስት ኢጣልያ ለጦሩ መንገድ ሲጠርግ ምልክቱንም በራሱ ቋንቋ ጻፈ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬ ከወራሪው እጅ ወጣች፤ በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምም የመንገዱ ሥራ ባለቤት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ግን የሰሌዳውን ዕጣ የወሰነው ከመንገዱ ይልቅ የአስተዳደሩ ስም ነበር። ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ተባለ፤ ከአብዮቱ በኋላ ክፍለ ሀገር ሆነ፤ በ1980 ዓ.ም. ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዞን መጣ። የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ከተማ የነበረችው ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ሆነች። ስም በተለወጠ ቁጥር ማኅተም ይቀረጻል፤ ሰሌዳ ይፋቃል፤ እንደገናም ይቀባል። ክረምቱ የላዩን ቀለም ሲያጥበው የታችኛው ዘመን ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። በየከተማው መግቢያ መፈክር የተሸከሙት ቅስቶችም ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ትርጉም አጡ።

ነገሩ የቀለምና የላሜራ ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገጠሩ አዲስ አንባቢ አፈራ። መጽሐፍና ጋዜጣ ከማይደርስበት ቀበሌ ፊደል ቆጥሮ ለወጣው ጎልማሳ፣ ከማስተማሪያው ደብተር ቀጥሎ የሚያገኘው ንባብ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ነበር። እርሱ ጣቱን እያስከተለ፣ ፊደል እየለቀመ ያነበበው ቃል ሐሰት ከሆነስ? ጤና ጣቢያ በሌለበት የጤና ጣቢያ ቀስት፣ ከፈረሰ ማኅበር ደጃፍ ያልወረደ የማኅበር ስም! የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ብሎ ለተማረ ሰው ይህ ቀላል ስብራት አይደለም።

ከመፈክሩ በኋላ የመጣው የፕሮጀክት ሰሌዳ ነው። የአሠሪው፣ የገንዘብ ሰጪው፣ የተቋራጩና የአማካሪው ስም፣ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ቀን ተዘርዝሮ ይቆማል። በሥራው ወቅት ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና ሕዝቡ ሊጠይቅበት ይገባል። ሥራው ካለቀ ወይም ተቋርጦ ከቀረ በኋላ ግን ብረቱ ዝጎ፣ ቀኑ አልፎበት እዚያው ይቀራል። ሰሌዳ ማቆም በጀት አለው፤ ማንሣት ግን በጀትም ባለቤትም የለውም። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚገነጠለውን መንገድ የሚፈልግ እንግዳ ሾፌር ከአርማና ከማኅተም ብዛት መካከል የሚሻትን አንዲት ቀስት ይለቅማል። ለአንዱ ሰሌዳ የወጣው ላሜራና ቱቦ ለአንድ የገጠር መማሪያ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ መሥሪያ በበቃ ነበር።

ገበሬው ግን ብረት ሲባክን ዝም ብሎ አያይም። ነፋስ የጣለው ላሜራ የዶሮ ቤት ክዳን ወይም የአጥር በር ይሆናል፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ አንዳንዴም ተዘቅዝቆ።