ጉልሕና ረቂቅ፤ የጠባብ ፊደል ወሰን

የሳይንት ተድባበ ማርያም፣ በአጅባር ምድር፣ በብራና መጻሕፍቷ የታወቀች ጥንታዊት ደብር ናት። በእንዲህ ያሉ ደብሮች ጸሐፍት ሁለት ዐይነት የፊደል አጣጣል ያውቁ ነበር። ጉልሕ በጎንደር ዘመን የገነነ፣ ሰፊና ከሩቅ የሚነበብ ጽሕፈት ነው። ረቂቅ ግን በ19ኛው ምእት ዓመት የተስፋፋ፣ ደቃቅና ጠባብ በመሆኑ ብራና የሚቈጥብ ነው።

ይሁን እንጂ ፊደላችን ያለ ወሰን አይጠብም። «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ ያለው ጭረት ነው፤ ይኸውም በካዕቡ ከወገብ፣ በሣልሱ ከግርጌ ይወጣል። ለጭረቱ ስፍራ ከጠፋ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ንባቡም ይፋለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በሮማ ከታተመ ጀምሮ ይኸው ሕግ ከብርዕ ወደ ማተሚያ ተሻግሯል። ስለሆነም ዛሬ ለመጽሐፍ አርእስትም ሆነ ለሱቅ ሰሌዳ ጠባብ ፊደል የሚቀርጽ ባለሙያ ሆሄውን ከማጥበቡ በፊት ለጭረቱ ስፍራ ሊተውለት ይገባል።